«ሆርሞን ፖዘቲቭ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው? የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር አዳዲስ ሕክምናዎች በቀላል አማርኛ

ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከአክስቴ ጡት ናሙና ተወሰደ። ከሰዓት በኋላ ናሙናው በትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ተሰጠንና «ላብራቶሪ አድርሱት» ተባልን። ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ብልቃጡን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ክዳኑ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ውስጡ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ አለ። ከፈሳሹ ስር ክር የሚያካክሉ ነጫጭ ቁራጮች ተኝተዋል።

ፒያሳ ስደርስ ላብራቶሪው የነበረበት ሕንፃ የለም፣ ፈርሷል። አዲሱን ቦታ ጠያይቄ ሳገኘው ደግሞ ዘግተው ሄደዋል። ብልቃጡ ቅዳሜና እሁድን ቤታችን ቡፌ ላይ፣ ከሲኒዎቹ አጠገብ አሳለፈ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አስረከብኩት።

ውጤቱ ሲመጣ አንድ ገጽ ነው። «ኢአር ፖዘቲቭ፣ ፒአር ፖዘቲቭ፣ ሄር2 ኔጋቲቭ» ይላል። ሐኪሟ አንብባ «ጥሩ ነው፣ ሆርሞን ፖዘቲቭ ነው» አለች። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ «ፖዘቲቭ ከሆነ ታዲያ ምኑ ነው ጥሩ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ይህ ቃል ለብዙ ዓመታት የኤችአይቪ ቃል ነው የነበረው።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ሰውም ጠየቅኩ። ሰሞኑን ደግሞ «የጡት ካንሰር መድኃኒት ተገኘ»፣ «ለፕሮስቴት አዲስ ሕክምና መጣ» የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች ከየቤተሰቡ ግሩፕ እየተላኩልኝ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን ግን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሆርሞን ከካንሰር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሆርሞን ማለት ሰውነት በደም የሚልከው መልእክት ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው በዋናነት ከሴቷ እንቁላል ማምረቻ ይወጣል። ቴስቶስተሮን ደግሞ በዋናነት ከወንዱ የዘር ፍሬ። መልእክቱ በደም ውስጥ ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ የሚሰማው ግን መጥሪያ ያለው ሴል ብቻ ነው። የግቢ በር ላይ እንዳለው መጥሪያ አስቡት። ሆርሞኑ ይመጣል፣ ይጫናል፣ ውስጥ ያለው ሴል «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን ይሰማል። ሐኪሞች ይህን መጥሪያ «ተቀባይ» ይሉታል።

ጤነኛ የጡት ሴልም ጤነኛ የፕሮስቴት ሴልም መጥሪያ አላቸው። ችግሩ የሚመጣው ካንሰር የሆነው ሴል መጥሪያውን ይዞ ሲቀር ነው። ሆርሞኑ ያው የወትሮው ሆርሞን ነው፤ አሁን ግን የሚቀሰቅሰው ማቆም የማያውቅ ሴል ሆኗል።

ኢአር ማለት የኤስትሮጅን ተቀባይ ነው፣ ፒአር ደግሞ የሌላው የሴት ሆርሞን፣ የፕሮጄስትሮን። ሄር2 ከሆርሞን ውጭ የሆነ ሌላ ምርመራ ነው። ፖዘቲቭ ሲባል «ይህ ካንሰር መጥሪያ አለው» ማለት ነው። ለዚህ ነው ሐኪሟ ጥሩ ያለችው። መጥሪያ ካለው ደወሉን ማጥፋት ይቻላል። መጥሪያ ለሌለው ካንሰር ይህ መንገድ ከመጀመሪያውም ዝግ ነው።

በዓለም ላይ ከጡት ካንሰሮች 70% ገደማ መጥሪያ ያላቸው ናቸው። «የአፍሪካውያን ካንሰር መጥሪያ የለውም» የሚባል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ከ350 በሚበልጡ ሴቶች ናሙና ላይ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት ግን 65% ያህሉ ኢአር ፖዘቲቭ እንደሆኑ አሳይቷል። ከ3ቱ 2ቱ ማለት ነው። ፕሮስቴት ላይ ነገሩ ይብስበታል፤ የፕሮስቴት ካንሰር ሲጀምር ሁሉም ለማለት ይቻላል በቴስቶስተሮን ነው የሚኖረው። በነገራችን ላይ ወንዶችም የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ከ100 ታማሚ 1 ያህሉ ወንድ ነው፤ የወንዶቹም ባብዛኛው ኢአር ፖዘቲቭ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት ነው?

አይደለም። ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ሐኪም በ1896 የጡት ካንሰራቸው የገፋ ሴቶችን እንቁላል ማምረቻ በቀዶ ሕክምና ሲያወጣ እብጠቱ እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር። ሆርሞን የሚለው ቃል ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። በ1941 ደግሞ ቻርልስ ሃጊንስ ቺካጎ ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸውን ወንዶች የዘር ፍሬ በማውጣት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። በዚህ ሥራው በ1966 ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ያለ ቢላ ለመሥራት የተደረገ ጥረት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አክስቴ የምትወስደው ያ ትንሽ እንክብል ምን ይሠራል?

ታሞክሲፈን ይባላል። ታሪኩ ያስቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው ለእርግዝና መከላከያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሴቶች ላይ ሲሞከር እንዲያውም እንቁላል የሚያስወጣ ሆኖ ተገኘና በመከላከያነቱ ወደቀ። በካንሰር መድኃኒትነቱ ግን ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። መጥሪያው ላይ ሄዶ ይለጠፋል፤ ደወሉን ግን አያስጮኸውም። ኤስትሮጅን ሲመጣ ቦታው ተይዟል። 5 ዓመት ሙሉ የወሰዱ ኢአር ፖዘቲቭ ሴቶች በቀጣዮቹ 15 ዓመታት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ3 እጅ 1 ያህል ይቀንሳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን ያካተቱ ሙከራዎች ተደምረው የተገኘ ውጤት ነው። ለአንዳንዶች ሐኪም እስከ 10 ዓመት ያራዝመዋል።

«እብጠቱ ወጥቶ የለም እንዴ? ለምን 5 ዓመት?» አክስቴ በየጊዜው ይህን ትጠይቃለች። መልሱ ዓይን የማያያቸው ሴሎች ናቸው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ያመለጡ ጥቂት ሴሎች አጥንት ወይም ጉበት ውስጥ ተኝተው ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ ዓይነቱ ካንሰር ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ የሚችለው ለዚህ ነው። እንክብሉ እነሱን በአንድ ጊዜ አይገድላቸውም። ደወሉን ዘግቶ እንደተኙ ያቆያቸዋል።

ችግሩ 5 ዓመት ረጅም መሆኑ ነው። ድንገተኛ ሙቀት አለ፣ ላብ አለ፣ ስሜት መለዋወጥ አለ። አልፎ አልፎ የደም መርጋት ያመጣል፤ ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ደግሞ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል፣ የማህፀን ካንሰር ዕድልን በጥቂቱ ስለሚጨምር። ከዚህ ሁሉ ጋር ሰው ደህና ሲሆን መድኃኒቱን ይተዋል። ጠበል የጀመሩ ጊዜ የሚያቋርጡም አሉ። ደቡብ ኢትዮጵያ ባሉ ሆስፒታሎች የተደረገ ሙከራ አለ፤ ነርሶች ሠልጥነው ታማሚዎቹን እንዲከታተሉ፣ እንዲደውሉና እንዲያስረዱ ተደረገ። የተደወለላቸው ሴቶች መድኃኒታቸውን ከሌሎቹ በተሻለ ሳያቋርጡ ወሰዱ። አዲስ ሞለኪውል የለውም፣ ዜናም አልሆነም። እኔን ግን ከብዙዎቹ ቪዲዮዎች ይልቅ ይህ ገርሞኛል።

አንድ ነገር ለወጣቶቹ። እኛ አገር የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከአውሮፓዎቹ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፣ ብዙዎቹ በ40ዎቹ ወይም ከዚያ በታች። ታሞክሲፈን እየወሰዱ ማርገዝ አይገባም። «ታዲያ ልጅ ሳልወልድ ልቀር ነው?» ለሚሉ በ2023 የወጣ ጥናት አለ። 516 ሴቶች መድኃኒቱን ለ18 ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከወሰዱ በኋላ ለመውለድ ሲሉ እስከ 2 ዓመት አቋረጡ። ክትትሉ እስከደረሰበት ጊዜ ድረስ ካንሰሩ ከሌሎቹ የበለጠ አልተመለሰባቸውም። የረጅሙ ጊዜ ውጤት ገና እየታየ ነው፤ ከሐኪም ጋር የሚወሰን እንጂ በራስ የሚደረግ አይደለም።

የኢትዮጵያዊ ጉበት ይለያል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሚያወራው የለም።

ታሞክሲፈን እንደተዋጠ ብዙም ጉልበት የለውም። ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም አብስሎ ኢንዶክሲፈን ወደሚባል ጠንካራ ነገር ይለውጠዋል። ጥሬ ቡና ሳይቆላ እንደማይጠጣው ነው። አንዳንድ ሰው ቆይዋ አንድ ናት፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ሦስት አለው።

ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባወጡት ጥናት ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29% ያህሉ ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል ተባዝቶ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከ100 አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ያሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ደም ተለካ። ኢንዛይማቸው ፈጣን የሆነ ሴቶች ደም ውስጥ ኢንዶክሲፈኑ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ቀርፋፋ የሆነባቸው ዝቅ ብሎ። ይህ ሕክምናውን መለወጥ አለበት ወይ የሚለው በዓለምም ገና ክርክር ላይ ነው። ፈረንጅ ላይ የተለካ መጠን ሁሉ ለእኛም ልክ ነው ብሎ መቀበል እንደማይገባ ግን ያሳያል።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያውያን ወንዶች ጫት እንዲቅሙ ተደርጎ ከመቃማቸው በፊትና በኋላ ይኸው ኢንዛይም ተለክቶ ነበር፤ ጫቱ ያዳክመዋል። ጥናቱ የተሠራው ጤነኞች ላይ ነው፤ ጫት የሚቅሙ ታማሚዎች ካንሰራቸው ይመለሳል የሚል አይደለም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም ኢንዛይሙን ይዘጉታል። ስለዚህ ሐኪም «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ሲል ነገሩ ለወግ አይደለም። ጫቱንም መናገር ነው።

ያረጡ ሴቶች ለምን ሌላ መድኃኒት ይሰጣቸዋል?

ሴት ስታርጥ እንቁላል ማምረቻዋ ሥራ ያቆማል። ኤስትሮጅን ግን አይጠፋም። ስብና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም ከሌላ ሆርሞን በጥቂቱ ይሠሩታል። አናስትሮዞል፣ ሌትሮዞልና ኤግዘሜስቴን ይህን ይዘጋሉ። ላረጡ ሴቶች ከታሞክሲፈን ትንሽ ይሻላሉ፤ አጥንት ግን ያሳሳሉ። የወር አበባዋ ያልቆመ ሴት ብቻቸውን ብትወስዳቸው አይሠሩላትም፣ ዋናው ምንጭ ክፍት ነውና። መጀመሪያ እንቁላል ማምረቻውን በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ጸጥ ማሰኘት ያስፈልጋል። «ለጎረቤቴ ሌትሮዞል ተሰጣት፣ ለእኔ ለምን ርካሹ?» ለምትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ካንሰሩ መድኃኒቱን የሚለምደው እንዴት ነው?

አዲሱ ምርምር በሙሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

አንደኛው መንገድ መጥሪያው መበላሸቱ ነው። መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ በተለይ አሮማቴዝ የሚዘጉት፣ አንዳንድ ሴሎች ላይ የመጥሪያው ዘረመል ይቀየራል። ኢኤስአር1 ይሉታል። ግቢያችሁ ውስጥ መጥሪያው ተጭኖ ቀርቶ፣ በር ላይ ማንም ሳይኖር ሲጮህ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንደዚያ ነው። ኤስትሮጅንን ብታደርቁትም ለውጥ የለም፤ ደወሉ እንግዳ መጠበቅ ትቷል።

እንዲህ ሲሆን መፍትሔው መጥሪያውን ነቅሎ መጣል ነው። ፉልቬስትራንት በዚህ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው ነው። በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ሲሆን በየወሩ መቀመጫ ላይ የሚወጋ ወፍራም መርፌ ነው። በ2023 መጀመሪያ ኤላሴስትራንት የተባለ የሚዋጥ ተከተለው፣ ኢኤስአር1 ለተቀየረባቸው ብቻ። ለውጡ መኖሩ የሚታወቀው ደግሞ በደም ምርመራ ነው፤ ካንሰሩ ደም ውስጥ የሚጥላቸውን የዘረመል ፍርፋሪዎች በመልቀም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቬፕዴጀስትራንት ነው። ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በር ላይ ያወጣችሁትን ማዳበሪያ ብቻ ነው የሚወስዱት፣ ቤት አይገቡም። ሴልም የራሱ ቆሻሻ አስወጋጅ አለው፣ ምልክት የተደረገበትን ፕሮቲን ብቻ የሚፈጭ። ይህ መድኃኒት ሁለት እጅ አለው። በአንዱ መጥሪያውን ይይዛል፣ በሌላው አስወጋጁን ጎትቶ ያመጣል። ምልክት ይደረግበትና ይፈጫል፤ መድኃኒቱ ይለቀቅና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። በ2025 የወጣው ትልቁ ሙከራ ውጤት ግን ስሜትን ቀዝቀዝ ያደርጋል። መጥሪያቸው በተበላሸባቸው ሴቶች ላይ በሽታውን ባማካይ ለ5 ወር ያህል አቆመው፣ ፉልቬስትራንት ለ2.1 ወር። ሁሉም ታማሚዎች አንድ ላይ ሲታዩ ግን ብልጫው አሳማኝ አልሆነም። ቪዲዮው ላይ «ተገኘ» የተባለው እንግዲህ ይህን የመሰለ ነው። ለታመመ ሰው ሦስት ወር ትንሽ አይደለም። ግን ፈውስ አይባልም።

ወያላውን ዝም ማሰኘት

ሌላው የሕክምና መንገድ መጥሪያውን ትቶ ቀጣዩን ሰው መያዝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ሞልቶም ቢሆን ወያላው ጎኑን መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» ካላለ አይነሳም። ሴልም ለሁለት ከመከፈሉ በፊት እንዲህ ያለ «ሳበው» ይጠብቃል። ያን የሚሉት ሲዲኬ 4 እና ሲዲኬ 6 የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። የኤስትሮጅን ደወል መጨረሻ ላይ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።

ፓልቦሲክሊብ በ2015፣ ራይቦሲክሊብና አቤማሲክሊብ በ2017 መጡ። ሥራቸው ወያላውን ዝም ማሰኘት ነው፣ ከሆርሞን መድኃኒቱ ጋር አብረው ይወሰዳሉ። ውጤታቸው ከላይ ካየነው በጣም ይበልጣል። አንድ ሙከራ ላይ ሌትሮዞል ብቻውን በሽታውን ለ14.5 ወር ሲያቆም ፓልቦሲክሊብ ሲጨመርበት 24.8 ወር ሆነ። ገና ባላረጡ ሴቶች ላይ በተደረገ ሌላ ሙከራ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ በሕይወት የነበሩት ራይቦሲክሊብ ከጨመሩት 70%፣ ካልጨመሩት 46% ናቸው። እነዚህ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸው ሴቶች ናቸው።

ዋጋቸው ግን ለብዙ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። እዚህ ላይ ከኔዘርላንድስ የመጣ አንድ ጥናት ልብ ይነካል። 1,050 ሴቶችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ወገን ይህን መድኃኒት ከመጀመሪያው፣ ሌላው ወገን የመጀመሪያው የሆርሞን ሕክምና ከከሸፈ በኋላ እንዲወስድ ተደረገ። በዕድሜ ርዝመት ልዩነት አልተገኘም። ዘግይተው የጀመሩት ደግሞ ለብዙ ወራት ከጎንዮሽ ጉዳቱም ከወጪውም ተርፈዋል። ለሀብታም አገር የቁጠባ ጉዳይ ነው። ሜክሲኮ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዋጋ ሲያጠያይቅ ለሚውል ሰው ግን ሌላ ትርጉም አለው።

ሌሎችም አሉ፣ ባጭሩ ልለፋቸው። ሴሉ ውስጥ ፒአይ3ኬ የሚባለውን ተለዋጭ መንገድ የሚዘጉ አሉ። ብራካ የተባለ ዘረመላቸው ለተበላሸ ሰዎች፣ ለጡትም ለፕሮስቴትም የሚሰጥ ኦላፓሪብ አለ።

ወንዶቹስ?

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ስር ያለች፣ ትንሽ ሎሚ የምታክል ዕጢ ናት። ካንሰሯ ሲዛመት የመጀመሪያው እርምጃ የቴስቶስተሮንን ምንጭ መዝጋት ነው። የዘር ፍሬን ማውጣት አንዱ መንገድ ነው፣ አንዴ ተደርጎ ያልቃል፣ ርካሽም ነው። ወንድ ግን ሲሰማው ይሸሻል። ሌላው በየወሩ ወይም በየ3 ወሩ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። መርፌው ነገር አለው። አንጎል ለዘር ፍሬ «አምርት» የሚልበትን ትእዛዝ ራሱን ያስመስላል፣ ሳያቋርጥ ይጮሃል። በየደቂቃው የሚጠራን ሰው በመጨረሻ ማንም እንደማይሰማው ሁሉ፣ ሰውነትም ሰልችቶት ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ግን ቴስቶስተሮኑ ይጨምራል፤ ለዚያ መሸፈኛ የሚሆን እንክብል አስቀድሞ ይሰጣል።

ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ በዚህ መርፌ ላይ ናቸው። እስጢፋኖስ፣ ሐምሌ ብርድ ላይ፣ ቅዳሴው መሃል ካፖርታቸውን ያወልቃሉ። ነጠላቸውን ያራግባሉ። ትንሽ ቆይተው መልሰው ይለብሳሉ። አክስቴ ከሴቶቹ በኩል አይታቸው «እሳቸውም እንደኔ አርጠዋል» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ሆርሞኑ ሲቋረጥ የሚመጣው ሙቀት አንድ ነው።

ከጊዜ በኋላ ካንሰሩ በዝቅተኛ ቴስቶስተሮንም ማደግ ይጀምራል። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ምን ሆነ? ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ይገባዋል። ዋናው መስመር ተዘግቷል። ግን ኩላሊት አናት ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች እንደ ጎረቤት ጉድጓድ ጥቂት ያወጣሉ። ካንሰሩ ደግሞ ግቢው ውስጥ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ማለትም ቴስቶስተሮን ራሱ ይሠራል። ይህ ለብዙ ጊዜ አልታወቀም ነበር። «ሆርሞን አይሰማውም» ተብሎ የተተወ ካንሰር በድብቅ ሆርሞን እየጠጣ ነበር።

ለንደን ላይ የተፈለሰፈው አቢራቴሮን ሦስቱንም ምንጮች ይዘጋል፤ በ2011 ተፈቀደ። ኢንዛሉታማይድ በ2012 መጣ፣ እሱ መጥሪያው ላይ የሚለጠፍ ነው። ትልቁ ለውጥ ግን በ2017 ነው። እስከዚያ አቢራቴሮን የሚሰጠው የመጀመሪያው የሆርሞን ሕክምና ሲከሽፍ ነበር። እንግሊዝና ስዊዘርላንድ ውስጥ በ1,917 ወንዶች ላይ ከመርፌው ጋር አብሮ ከመጀመሪያው ሲሰጥ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት ከ76% ወደ 83% ከፍ አሉ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም፣ የሚሰጥበት ጊዜ ነው የተቀየረው።

አቢራቴሮን በባዶ ሆድ 4 እንክብል፣ 1,000 ሚሊግራም ነው የሚወሰደው። ምግብ ሲኖር ሰውነት በጣም ብዙ ይስበዋል። ተመራማሪዎች «ታዲያ ከምግብ ጋር ሩቡን ብንሰጥስ?» ብለው 72 ወንዶች ላይ ሞከሩት። 250 ሚሊግራም ከቀላል ቁርስ ጋር ፒኤስኤን እኩል አወረደ። ትንሽ ጥናት ነው፤ ማንም በራሱ መጠን እንዲቀንስ አይፈቅድም። ግን ለድሃ አገር ሐኪሞች የሚወያዩበት ቁም ነገር ነው።

ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተቃራኒውን ይሞክራሉ። ድርቅ የለመደውን ካንሰር ድንገት በቴስቶስተሮን ያጥለቀልቁታል፣ ከዚያ ይተዉታል፣ እንደገና። አንዳንድ ካንሰር በዚህ ግራ ተጋብቶ ይቀንሳል፤ በኋላም ኢንዛሉታማይድ በተሻለ ይሠራበታል። ገና ምርምር ነው። «ቴስቶስተሮን ያድናል» ተብሎ ከጂም ቤት ተገዝቶ የሚሞከር ነገር በፍጹም አይደለም። በ2022 የተፈቀደው ሉቴሺየም ደግሞ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ከአድራሻ ጋር አስሮ በደም መላክ ነው፤ አድራሻው የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛ ፒኤስኤምኤ የተባለ ፕሮቲን ነው።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ

ይህ ሁሉ ምርምር፣ ቢያንስ ጡት ላይ፣ የሚጀምረው ከአንድ ወረቀት ነው፤ ኢአር ፖዘቲቭ ወይስ ኔጋቲቭ። ወረቀቱ ደግሞ የሚጀምረው ከብልቃጡ ነው።

ፈሳሹ ፎርማሊን ይባላል። ሥጋው ከሰውነት ከወጣ በኋላ መበስበስ እንዳይጀምር ባለበት ያቆየዋል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ ይላል። ከዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ ይላል። ደረቅ ላይ ከቆየ ወይም ፎርማሊኑ ውስጥ ከከረመ መጥሪያዎቹ ይጠፋሉ ወይም ይደበቃሉ። ካንሰሩ መጥሪያ እያለው ወረቀቱ «ኔጋቲቭ» ይላል። ያቺ ሴት ታሞክሲፈን አይሰጣትም። 5 ዓመት ሊጠብቃት የሚችለው ርካሽ እንክብል በአንድ የታክሲ ወረፋ ምክንያት ይቀርባታል። 1% ሴል ብቻ ቀለም ቢይዝ እንኳ ፖዘቲቭ ነው የሚባለው፤ ወሰኑ ያን ያህል ቀጭን ነው።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት ተነስቼ በጣቴ ቆጠርኩ። ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት። ቅዳሜ፣ እሁድ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። 71 ሰዓት። የተወሰደ ጊዜ ወዲያው ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ ነበር ወይ? ያን አልጠየቅንም፣ ብልቃጡም ላይ ሰዓት አልተጻፈበትም።

በማግስቱ ለአክስቴ ነገርኳት። ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበር። ኔጋቲቭ ቢል ኖሮ እንጠራጠረው ነበር፣ ፖዘቲቭ ስላለ ግን መጥሪያው ከዚያ ሁሉ ተርፏል ማለት ነው አልኳት። ጀበናውን አስቀመጠችና አሰብ አደረገች።

«አሃ» አለች፣ «ለካ ምኑ ነው ጥሩ ስልሽ የነበረው ይሄ ነው።»